በአንድ ወር አሥር ኪሎ



ለዚህ ወር አዘጋጅተን የነበረው ጽሑፍ ስለ ልጆች የንባብ ልማድ ነበር። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን። ያቆየነው ከጥቂት ሳምንታት በፊት የጁሙዓ ሶላት ሰግደን ስንወጣ በመስጂዱ በር ላይ ቆመው በጠበቁን አንዲት እናት ምክንያት ነው። ልጃቸውን ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አስተምረናታል። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኒካሕዋ ሊታሰርም የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ።

"ኡስታዝ፣ ትንሽ ላስቸግርዎ" አሉና ከቦርሳቸው አንድ የካርቶን ሳጥን አወጡ። "ይህን ያንብቡልኝ። ሐላል ነው ይላል አይደል?"

ይላል። ሳጥኑ አረንጓዴ ነው። በአንድ ጎኑ የመስጂድ ሚናራ ተስሎበታል፤ በሌላው ጎን ወገቧ የጠበበ ሴት ጥላ አለ። በዐረብኛ "ሐላል"፣ ከሥሩ "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ"፣ ቀጥሎም "ከነቢያዊ ሕክምና የተገኘ" ተብሎ ተጽፏል። ከሁሉም የደመቀው ጽሑፍ ግን "በ30 ቀን 10 ኪሎ" የሚለው ነው። ስለ ይዘቱ የምትናገር አንዲት ቀጭን መስመር አገኘን፤ "ሰናመኪ እና ሌሎች ዕፅዋት" ትላለች። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። የአምራቹ አድራሻም የለም።

"ከየት አገኘችው?" አልናቸው።

"በስልክ ነው የሚሸጡት። ጓደኛዋ በቴሌግራም አሳየቻት፤ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ልጅ በር ድረስ አመጣላት። እኔማ ያገኘሁት ከፍራሽዋ ሥር ነው፤ እሷ ሐኪም ቤት ከተኛች በኋላ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርግ ቀሚስ ሊለኩ በሄዱበት ቀን ዚፑ አልዘጋ አለ። አብራ የሄደችው የሙሽራው ታላቅ እህት "ወንድሜ እኮ ቀጭን ነው፤ ፎቶ ላይ እናቱን እንዳትመስዪ!" አለቻት። የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ልጅቷም አብራ ሳቀች። ማታ ቤቷ ገብታ ሻዩን አዘዘች። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ቀነሰች። ደስታዋም ወሰን አልነበረውም፤ እራቷን ተወች፣ ቀጥሎ ምሳዋን። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆመ፤ እሷም በቀን አንድ ይጠጣ የተባለውን ሦስት አደረገችው። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ባቷን ሸምቅቆ ይይዛት ጀመር፤ ልቧም ያለ ምክንያት ይደልቃል። አንድ ቀን ለሱብሒ ዉዱእ እያደረገች ሳለ ከመታጠቢያው አጠገብ ወደቀች።

ሐኪሞቹ ከሰውነቷ ውኃና ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ክፉኛ ማነሱን ነገሯቸው። ሁለት ቀን በጉሉኮስ ተኛች። "ምን ወሰድሽ?" ሲሏት "ምንም" ብላ ነበር።

"አሁን ደህና ናት፤ አልሐምዱሊላህ" አሉን እናትየዋ። "ግን ልትመለስበት ነው። 'ሐላል ነው፣ ሰናመኪ ደግሞ በሐዲሥ ያለ ነው፤ የጎዳኝ ስላበዛሁት ነው' ትለኛለች። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?"

በመስጂድ በር ላይ ቆመን የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ሳጥኑን ይዘን ሄድን።

ስለ ሰናመኪ ልጅቷ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነው። ቲርሚዚና ኢብን ማጀህ የዘገቡት ሐዲሥ አለ። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ሆዷን ለማለስለስ ምን እንደምትጠቀም በተጠየቀች ጊዜ ሰናመኪ ተወስቷል፤ ዑለማዎች በሰነዱ ጥንካሬ ላይ የተነጋገሩበት ቢሆንም። ልብ እንበል፤ ጥያቄው ስለ ሆድ ድርቀት ነበር። ዛሬም ፋርማሲዎች የሰናመኪ ክኒን የሚሸጡት ለዚሁ ነው፤ ማሸጊያው ላይም ያለ ሐኪም ምክር ከአንድ ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ቅጥነት በሐዲሡ ውስጥ አንዲት ቃል የለችም። ያስገባት ነጋዴው ነው። እናቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለትል እንጂ ለወገብ አልነበረም፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ምን ያህል እንደሚከሳ እያዩም እንኳ "ለሙሽራ ይስጧት" ያለ አልሰማንም።

ሰናመኪ የሚሠራው በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። የበላነው ምግብ ኃይሉን ለሰውነት የሚያስረክበው ግን ቀደም ብሎ፣ በትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ ሻዩ ሲደርስ እንጀራውም ዘይቱም ስኳሩም ገብቶ አልቋል። የሚወጣው ውኃና ማዕድን ነው። ስቡ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ታዲያ የመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ከየት መጣ? ይህን ነገር ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን አሳይተናል፤ እዚህም እንሥራው። ሰውነት ለዕለት ወጪ በጉበትና በጡንቻ የሚያስቀምጠው የስኳር ስንቅ አለው፤ ግላይኮጅን ይባላል። እያንዳንዱ ግራም ስንቅ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው በድንገት ምግብ ሲያቆም በመጀመሪያ የሚነካው ይኸው ስንቅ ነው፤ ውኃውም ተከትሎ ይወጣል። በዚያ ላይ ሻዩ ከአንጀት የሚያስወጣው ውኃ ተጨመረበት። ሚዛኑ ውኃንና ስብን አይለይም። በሳምንቱ ሰውየው ሲበላና ሲጠጣ ውኃው ይመለሳል፤ ኪሎውም ይመለሳል፤ እሱም "ሻዩን ስላቆምኩ ነው" ብሎ ሌላ ሳጥን ይገዛል። የንግዱ ምሥጢር ይህ ነው።

ወደ "10 ኪሎ በ30 ቀን" እንምጣ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። አሥር ኪሎ ማለት 77,000 ነው። አንዲት ሴት በቀን 2,000 ካሎሪ ታቃጥላለች ብንል በሠላሳ ቀን 60,000 ይሆናል። እንግዲህ ይህች ሴት ወሩን ሙሉ አንዲት ጉርሻ ባትቀምስ እንኳ የምታቃጥለው ስብ 8 ኪሎ አይሞላም! ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍጹም ረሃብ የበለጠ ነው። ይህን የሚሠራ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እሷም በስምንተኛ ክፍል ጎበዝ ነበረች።

"ሐላል" የሚለው ማኅተም በውስጡ የተከለከለ ነገር እንደሌለ ይናገር ይሆናል፤ እሱም ማኅተሙን ያደረገው አካል ከታወቀ። ዕቃው የተባለውን ይሠራል፣ አይጎዳም፣ ዋጋውም ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። የፊቅህ ትምህርት ከሚጀምርባቸው መርሆዎች አንዱ ጉዳትን መከላከል ነው፤ ሰውነትን የሚጎዳ ነገር የሚናራ ሥዕል ስለተለጠፈበት ጉዳቱ አይነሳም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ያላሉትን ተናግሮ መሸጥ ደግሞ ከንግድ ማጭበርበር በላይ የሆነ ጥፋት ነው፤ ይህንን ሻጮቹ ሊያስቡበት ይገባል። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸውና።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በሳጥኑ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት ነበር። የልብ ድካምና የአንጎል ምት አደጋን እንደሚጨምር ስለተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር "ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ" ተብለው በሚሸጡ የማክሻ ክኒኖችና ሻዮች ውስጥ በድብቅ ተጨምሮ ደጋግሞ አግኝቶታል። ገዢው ቅጠል የጠጣ ይመስለዋል፤ የጠጣው የታገደ መድኃኒት ነው። "ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?" ማለትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ በአንድ የማክሻ ክሊኒክ ከቻይና የመጣ ዕፅ የተሰጣቸው ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። አንዱ ቅጠል በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተተካው አሪስቶሎኪያ የሚባል መርዛማ ተክል ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ኩላሊት እስከ መተካት ደርሰዋል፤ ከዓመታት በኋላም በሽንት መተላለፊያቸው ካንሰር የተገኘባቸው አሉ።

ይህ ጉጉት የእኛ ዘመን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ለማክሻ መሰጠት ተጀመረ። ሰውነት ስቡን ያለ ሥራ እንዲያነድ ያደርግ ነበር፤ በትክክል ያከሳል። አንዳንዱ ሰው ግን ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ከውስጥ እየነደደ ሞተ፤ ሌላው ዓይኑ በሞራ ተጋረደ። በ1938 በወጣው ሕግ ታገደ። በ1997 ደግሞ ፌንፍሉራሚን የተባለው ሚሊዮኖች የዋጡት ክኒን የልብ ቧንቧ መዝጊያዎችን እንደሚያበላሽ ታውቆ ከገበያ ተነሳ። በየጊዜው ስሙ ይለወጣል እንጂ ተስፋው አንድ ነው።

ዛሬ መነጋገሪያ ስለሆነው መርፌ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁናል። ሴማግሉታይድ ይባላል፤ ኦዜምፒክና ዌጎቪ የሚባሉት የንግድ ስሞቹ ናቸው። ይህኛው ከሳጥኑ ሻይ ጋር አንድ አይደለም፤ በአግባቡ የተጠና መድኃኒት ነው። ኦዜምፒክ በ2017 የተፈቀደው ለስኳር ሕመም ሲሆን ዌጎቪ በ2021 ለውፍረት ተፈቅዷል። ውፍረቱ በሽታ የሆነበት ሰው ሐኪሙ ካዘዘለት በመድኃኒት መታከሙ ነውር የለበትም። ነገር ግን መርፌውን ካቆሙት ሰዎች ላይ በተደረገ ክትትል በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ኪሎ ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። እንግዲህ ለአንድ የሰርግ ቀን የሚወጉት አይደለም። በሰኔ ወር 2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሐሰት ሴማግሉታይድ በተለያዩ አገሮች መገኘቱን አስጠንቅቋል፤ ከገልፍ በሻንጣ መጥቶ ያለ ማቀዝቀዣ በስልክ የሚሸጥ መርፌ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?

እስከ አሁን ያልነውን ያነበበ ሰው "ታዲያ ምን አስቸገራት? ትንሽ ብትበላ፣ ትንሽ ብትራመድ አይሻልም?" ይል ይሆናል። ይህ ንግግር ቀላል የሚሆነው ለተናጋሪው ነው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ሻዩን የመረጠችው ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ ስላገኘችው ነው ብለን እናምናለን፤ በሮቹን የዘጋነው ደግሞ እኛው ነን።

መጀመሪያ አንደበታችን። በዚህች አገር ወፍራም መሆን የተመቸው ሰው ምልክት ነበር። "ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!" ምርቃት ነበር፤ "ምነው ከሳሽ?" ደግሞ ኀዘኔታ። አያቶቻችን ረሃብን ስላዩ እንዲህ ማለታቸው ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከኢትዮጵያ ሴቶች 22 ከመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ናቸው። በዚያው ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ሲሆኑ በ2000 ግን 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዲት ልጅ ጠዋት ከአያቷ "ብዪ እንጂ፣ አጥንትሽ ታየ" ተብላ ማታ በስልኳ "ወፈርሽ" ትባላለች። ሁለቱም ስለ ሰውነቷ ይናገራሉ፤ ስለ ጤናዋ የጠየቃት ግን የለም።

የኢብን መስዑድን (ረ.ዐ) ታሪክ በመድረሳ የተማርን ሁላችን እናስታውሳለን። ዛፍ ላይ ወጥተው ነፋሱ ልብሳቸውን ሲገልጠው ቅልጥማቸው ቀጭን መሆኑን ያዩ ሶሓቦች ሳቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን እነዚያ ቀጫጭን እግሮች በቂያማ ቀን በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ የከበዱ እንደሚሆኑ ነገሯቸው። ያን ጊዜ የተሳቀበት ቅጥነት ነበር፤ ዛሬ የሚሳቀው በውፍረት ነው። የሙሽራው እህት ቀልድ መስሏት ነው የተናገረችው፤ እኛም በየቀኑ እንደዚህ እንቀልዳለን። በተለይ ባሎች! ከሦስት ልጅ በኋላ ሚስቱን የሰርግ ፎቶ እያሳየ "ይህች ማን ናት?" የሚል ሰው በሰፈራችን አለ። የራሱን ቦርጭ ግን ፎቶ ውስጥ አይፈልገውም።

ቀጥሎ ማዕዳችን ነው። እንግዳ ማክበር ኢማን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጠግቤአለሁ ያለን ሰው "ወላሂ ትበላለህ!" ብሎ በመሐላ ማጉረስ ከየት የመጣ ሱና ነው? ከሆድ ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ መሆኑን ከሚንበር እንሰማለን፤ ከሚንበር ወርደን ሰርግ ቤት ስንደርስ ለትንፋሽ የተተወውን ሲሶ በለስላሳ እንሞላዋለን። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ሻያችንስ? በሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አምስት ሲኒ ብንል 60 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። ሻዩ ብቻውን አለፈው ማለት ነው። ያ ስኳር በቀን 240 ካሎሪ ነው፤ በወር 7,200። ከላይ የሠራነውን ሒሳብ የያዘ አንባቢ ወደ አንድ ኪሎ ስብ እንደሚጠጋ ያየዋል፤ ሰውነት እንደ ሒሳብ ደብተር ቀጥ ብሎ ባይሄድም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሳምቡሳው የሚዋኘው በስንት ማንኪያ እንደሆነ የቤት እመቤቶች ያውቁታል።

ስለ ሳምቡሳ ካነሳን ረመዷንንም እንንካ። ቀኑን ጾመን ማታ የቀኑን ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለምንከፍል ወሩ ሲያልቅ ወፍረን የምንወጣ አለን። አንዳንዱ ሰው በረመዷን ትንሽ ይቀንሳል፤ እሱም በሸዋል ሳምንታት ይመለሳል። "ሰኞና ሐሙስ የምጾመው ለኪሎ ነው" የሚሉ ወጣቶችም አጋጥመውናል። ጾም ለአካል ትርፍ ቢያስገኝ እሰየው ነው፤ ለሚዛን ብቻ ከተጾመ ግን እኛ ስሙን ረሃብ እንለዋለን።

ሦስተኛውና እኛን እንደ መምህር የሚያንገበግበን የእንቅስቃሴ ነገር ነው። በትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ሒጃብ የለበሱት ሴቶች ከግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተር ይጠብቃሉ። የከለከላቸው ሕግ የለም፤ ወንዶች እያዩአቸው መሮጥ ስላፈሩ ነው፤ እኛም ለዓመታት እንደ ተራ ነገር አልፈነዋል። አሥር ዓመት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ልጅ በሃያ ሦስት ዓመቷ ከየት አምጥታ ትራመድ? ወንዱ ቢሰንፍ እንኳ በቀን አምስት ጊዜ ወደ መስጂድ ይመላለሳል። ሴቷ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ክፍልና በአንድ ወጥ ቤት መካከል ነች። ጂም ትሂድ ቢባል የሴቶች ሰዓት ያለው ጥቂት ነው፤ ያለውም በገንዘብ ነው። ጠዋት ብቻዋን ብትወጣ ለከፋ አለ፤ ውሻም አለ። ይህን ሁሉ አይተን "ሰነፍ ናት" ማለት ግፍ ነው።

ሐያእ ሰበብ ሆኖ እንዳይቀርብብን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሳቸው የነገሩንን እናስታውስ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በአንድ ጉዞ ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሩጫ ተወዳደሩ፤ ዓኢሻም ቀደሙ። ዘመን አለፈ፤ ዓኢሻ ሰውነታቸው ጨመረ። በሌላ ጊዜ ሲወዳደሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀደሟቸውና ይህች በዚያችኛዋ ፋንታ ናት ብለው ተጫወቱ። ባል "ወፈርሽ" ብሎ አልተሳለቀም፤ አብሮ ሮጠ። ይህን ሐዲሥ ለባልና ሚስት ፍቅር ማስረጃ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሚስቱን ይዞ የሮጠ ወይም የተራመደ ሰው ግን በሰፈራችን ስንት አለ? እኛ ራሳችን ይህን እስክንጽፍ ድረስ ከቤታችን እናት ጋር ለገበያ ካልሆነ ወጥተን አናውቅም።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር እንሁን። ፍራፍሬ እንደ ተወደደ እናውቃለን፤ ማንጎ ብሉ ብለን አንዘባበትም። ግን ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ከድሮም የቤታችን ናቸው። ከእነሱ ያራቀን ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን ድካማችን ነው፤ በታክሲ ሰልፍ ቆማ አንድ ሰዓት ተኩል አሳልፋ ቤቷ የገባች ሴት ዳቦና ሻይ ብታቀርብ አይፈረድባትም። ቤት ውስጥ ጎመን የሚቀነጥስ ሌላ እጅ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ለመሆኑ የሚሠራው ነገር ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ በአሜሪካ የተደረገ ሰፊ ጥናት አለ። ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ፤ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ከመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ያውም በወራት እንጂ በሳምንታት አይደለም። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ሳጥን ላይ ጽፎ የሚሸጥ ነጋዴ አይገኝም፤ ማን ይገዛዋል? ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደ መሆኑን ለሶላትና ለሶደቃ እናስተምራለን። ለእግርም ይሠራል።

ከአሥር ቀን በኋላ ሳጥኑንና የሒሳቡን ወረቀት ይዘን ወደ እናትየዋ ቤት ሄድን። ልጅቷ ሻይ አቀረበችልን፤ ስኳሩን ለብቻ። ወረቀቱን ተቀብላ ዝም ብላ አነበበች። "ምንም ባልበላ እንኳ አይደርስም ማለት ነው?" አለች።

"አይደርስም" አልናት።

"መጀመሪያ ሒሳቡን ብሠራው ኖሮ…" አለችና አልጨረሰችውም። ቀጥላም "ኡስታዝ፣ እውነት ልንገርዎ፤ የፈራሁት ውፍረቱን አይደለም፤ ሳቁን ነው" አለችን። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

የሙሽራው እናት ነገሩን ሲሰሙ ልጃቸውን ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተው እንደነበር ነገሩን። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሱብሒ ከተሰገደ በኋላ እስከ ዋናው መንገድ እየሄዱ ይመለሳሉ። ቀድመው የሚነሱት እናትየዋ ናቸው። በትምህርት ቤታችንም የስፖርት መምህሩን አነጋግረን ማክሰኞና ሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለሴቶች ብቻ ሆኗል፤ ሜዳውን የሚያሠሩትም ሴት መምህርት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ስድስት ነበሩ።

ኒካሕዋ በቀኑ ታሰረ፤ ባረከላሁ ለሁማ። ቀሚሱን ሰፊው ከጎኑ ፈትቶ ሁለት ጣት ጨመረበት፤ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።